የፍቅር ንግር በማን መዝገበ ቃላት ይነበባል? ስለ ኮራና አሳሚ፣ ስለ ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ

ንግር በሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ እጅግ ቀላል ከሚመስሉ ጽንሰ ሐሳቦች አንዱ ነው። ደራሲው ወደፊት ስለሚሆነው ነገር አስቀድሞ ጥቂት ይጥላል፤ አንባቢው ያነሣል ወይም አልፎት ይሄዳል፤ ድርጊቱ ሲፈጸም የተጣለው ነገር ምን እንደ ነበረ ይታወቃል። በትምህርት ክፍሎቻችን የሚቀርቡ ብዙዎቹ የማሟያ ጥናቶች ግን ንግርን የሚያጠኑት በዚህ ቅደም ተከተል ሳይሆን በተገላቢጦሹ ነው። መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ወደ ኋላ እየተመለሱ ምልክት ይለቅማሉ። መጨረሻው በግልጽ በተጻፈበት ድርሰት ላይ ይህ አሠራር ብዙ ጉዳት አያደርስም። መጨረሻው ራሱ አከራካሪ በሆነበት ጊዜ ግን ለቃሚው የሚያገኘው ቀድሞ በኪሱ የያዘውን ነው።

ይህ ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው ርዕሰ ጉዳዮች አንዱ በሁለት ሴቶች መካከል ወደፊት ፍቅር እንደሚኖር ያመለክታሉ የሚባሉት ንግሮች ናቸው። ጉዳዩ ሲነሣ ክርክሩ ወዲያው ከጽሑፉ ይወጣና ወደ አንባቢዎቹ አቋም ይሻገራል። አንዱ ወገን እያንዳንዱን መተያየት ማስረጃ ያደርጋል፤ ሌላው ወገን የትኛውም መተያየት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ከመነሻው ይወስናል። ሁለቱም ጽሑፉን የሚመዝኑት በድምዳሜው ነው። እኔ የምከራከርለት ሐሳብ ከሁለቱም የተለየ ነው። አንድ ምልክት የፍቅር ንግር መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ድርሰቱ ራሱ ለዚያ ምልክት በሌላ ቦታ ከሰጠው አገልግሎትና በኋላ ከሚያስከትለው ፍጻሜ ነው። የአንባቢው መንደር የእጅና የዓይን ቋንቋ፣ መንደሩ ወላይታ ይሁን ኒው ጀርሲ፣ ለዚህ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ለማነጻጸር ያህል አከራካሪ ካልሆነ ሥራ እንጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ፍቅሩን ከነፍጻሜው በርዕሱ ተናግሮ የሚጀምር ልቦለድ ነው። ስለዚህ የአንባቢው ጥያቄ «ይዋደዱ ይሆን?» የሚል ሳይሆን «በምን በኩል ይመጣል? ምንስ ያፈርሰዋል?» የሚል ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለእግዚአብሔር በስለት መስጠታቸው ገና ሰብለ ወንጌል ሳትታይ የተጣለ ንግር ነው። ሊያገባ የማይገባው ሰው መሆኑ ቀድሞ ስለ ተነገረን፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለአስተማሪነት ሲገባ የጥናቱ ክፍል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዝምታ ክብደት ያገኛል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዝምታው ብቻውን ምንም እንደማይናገር ነው። መምህርና ተማሪ ዝም ይባባላሉ። ዝምታውን ንግር ያደረገው ልቦለዱ አስቀድሞ ያስቀመጠው ስለትና ልቦለዱ በኋላ የሚያመጣው ፍጻሜ ነው። ስለቱን አውጥተን ብንጥለው ያው ዝምታ ተራ ጨዋነት ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ሴት ገጸ ባሕርያትን የሚመለከተውን፣ በዘመናችን ብዙ ያነጋገረውን ሥራ ላንሣ። «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ኮራ» እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 የቀረበ የአሜሪካ ተከታታይ አኒሜሽን ነው፤ ፈጣሪዎቹ ማይክል ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒየትዝኮ ናቸው። ኮራ ውኃን፣ መሬትን፣ እሳትንና አየርን የመግራት ኃይል ያላት ወጣት ናት፤ አሳሚ ሳቶ ደግሞ የኢንዱስትሪ ባለቤት ልጅና መሐንዲስ ናት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለቱም ማኮ ከሚባል አንድ ወጣት ጋር በፍቅር የተሳሰሩ ስለሆኑ ግንኙነታቸው የሚጀምረው ከባላንጣነት ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ኮራ ተመርዛና ተዳክማ ለሦስት ዓመት ከወዳጆቿ ትርቃለች፤ ወዳጆቿ ሁሉ ደብዳቤ ሲጽፉላት መልስ የምትጽፈው ግን ለአሳሚ ብቻ ነው። እንደገና ሲገናኙ አሳሚ ያጠረውን ጸጉሯን ታደንቅላታለች፤ ኮራም ፊቷ ይቀላል። በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ ብቻቸውን ዕረፍት ለመውጣት ይስማሙና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መናፍስት ዓለም በር ይሄዳሉ፤ በብርሃኑ መካከል ቆመው፣ ሁለት እጆቻቸውን ተያይዘው ፊት ለፊት ሲተያዩ ታሪኩ ያበቃል።

በነገራችን ላይ የሁለቱን ስም በፊደላችን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ኮራ» ኩራትን፣ «አሳሚ» ደግሞ መሳምን ያስታውሳል። እንዲህ ዓይነቱን ግጥምጥሞሽ ንግር ብሎ ከመዝገብ የሚከለክለን ምንድን ነው? ድርሰቱ አማርኛ እንደማያውቅ ማወቃችን ብቻ ነው። ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገሩ ቀልድ አይደለም። አንባቢው ከራሱ ቋንቋ ያመጣውን ትርጉም በድርሰቱ ላይ ሲጭን የሚፈጽመው ስሕተት በስም ላይ ሲሆን ያስቃል፤ በእጅ አያያዝ ላይ ሲሆን ግን ማንም አያስተውለውም።

በቢጠና የገበያ ቀን ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እኅትማማች፣ ጎረቤታሞች ወይም አብሮ አደጎች ናቸው ተብሎ ይታለፋል። በሶዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ሁለት ወንድ ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ሲሄዱ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በዚህ የምልክት ሥርዓት ያደገ ሰው የኮራን የመጨረሻ ትዕይንት ቢያይ «የልብ ጓደኛ ሆኑ» ብሎ ቢዘጋው ከራሱ ሥርዓት አንጻር አልተሳሳተም። በሌላ በኩል ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ሲያያዙ ማየት ያልተለመደበት አገር ተመልካች ያንኑ ምስል እንደ ኑዛዜ ይወስደዋል። ሆኖም በዚያው በአሜሪካ እንኳ ተመልካቹ ተከፋፍሎ ነበር። ትዕይንቱ በታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ከቀረበ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈጣሪዎቹ ሁለቱ ሴቶች በፍቅር መተሳሰራቸውን በጽሑፍ አረጋገጡ። ኮኒየትዝኮ በዚያ ጽሑፍ የሰጡት ማብራሪያ ለጥናታችን ጠቃሚ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ ብዙም እንዳልተወሰደበት፣ እንዲህ ያለው ነገር በልጆች ጣቢያ ላይ አይፈቀድም ብለው አስቀድመው ገምተው እንደ ነበር፣ በኋላም ጣቢያውን ሲጠይቁ ድጋፍ ቢያገኙም የተቀመጠ ወሰን እንደ ነበረ ገልጸዋል። ድንገተኛ መሰለኝ ለሚለውም የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች እንደገና እንዲያይ መክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዲማርቲኖ የጻፉት «ተርፍ ዎርስ» የተባለው የሥዕል መጽሐፍም ታሪኩን በዚያው በር ከተሻገሩበት ቀጥሎ ፍቅረኛነታቸውን በግልጽ አሳየ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የፈጣሪዎቹ ቃል ባይኖር፣ የ2017ቱም መጽሐፍ ባይታተም፣ ከአኒሜሽኑ ብቻ ተነሥቶ ማንበብ ይቻል ነበር? ይቻል ነበር ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን መቅላት ወይም ደብዳቤው አይደለም። በዚያው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ፣ ከመሰነባበቻው ትዕይንት ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ፣ ቫሪክና ዡ ሊ የተባሉት ገጸ ባሕርያት ይጋባሉ። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ቃል ኪዳን ሲገቡ ፊት ለፊት ቆመው ሁለት እጆቻቸውን ይያያዛሉ። ድርሰቱ ያንን አቋቋም በዚያች ቅጽበት ተርጉሞልናል፤ ከዚያ ወዲያው ደግሞ ያንኑ አቋቋም ለኮራና ለአሳሚ ይሰጣቸዋል። የቢጠናው ተመልካችም ሆነ የኒው ዮርኩ ተመልካች የመንደሩን ልማድ ትቶ ይህን ጥንድ ምስል ብቻ ቢያስተያይ ወደ አንድ ንባብ ይመጣል። የድርሰቱ መዝገበ ቃላት የምለው ይህንን ነው። በአንጻሩ ደብዳቤውን ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው ጠንካራ መሠረት የለውም፤ ሰው ያዘነ ጊዜ ለአንድ ወዳጁ ብቻ ሊጽፍ ይችላል። ደብዳቤው ንግር የሆነው ከሠርጉ ምስል በኋላ ተመልሶ ሲነበብ ነው።

ተቃራኒውን የሚያሳይ ጥንታዊ ምሳሌ በአጭሩ ልጥቀስ። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ሸሪዳን ለ ፋኑ እ.ኤ.አ. በ1872 በመጽሐፍ ባወጡት «ካርሚላ» ውስጥ ሎራ የተባለችው ተራኪ እንግዳዋን ካርሚላን ገና ስታያት ታውቃታለች፤ በሕፃንነቷ በሌሊት ያየችው ፊት ነው። ካርሚላም እንዲሁ በሕልም አይቼሻለሁ ትላታለች። መፈላለጋቸው በግልጽ ተጽፏል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የፍቅር ምልክት በዚያው ቅጽበት የሞት ምልክት ነው፤ ካርሚላ ደም መጣጭ ናትና። ለ ፋኑ አንዱን ንግር ለሁለት መጨረሻ ያሰናዱታል፤ አንባቢው የትኛው እንደሚመጣ እስኪያውቅ የሚሰማው ሥጋት ነው ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው። በመጀመሪያ እይታ መተዋወቅ የሚባለው ዘይቤ ስለዚህ ብቻውን የትም አያደርስም። የት እንደሚያደርስ የሚወስነው ዘውጉ ነው። ይህን ዘይቤ ልብ እንበለው፤ ከዚህ ከአየርላንዳዊው ታሪክ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በጣና ዙሪያ በተጻፈ የግእዝ ጽሑፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ ቅድስቲቱ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ መለየት አለበት። ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ የልቦለድ ገጸ ባሕርያት አይደሉም፤ በሱስንዮስ ዘመን የኖሩ፣ የመጀመሪያዋ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን የምትከበር ሰዎች ናቸው። ስለ ኮራ የተሳሳተ ንባብ ማንንም አይጎዳም፤ ስለ ቅድስት የተሳሳተ ንባብ ግን የሚጸልይ ማኅበረሰብን ይነካል። ይሁንና ገድል እንደ ማንኛውም ትረካ መገናኘትን፣ መለያየትንና ፍጻሜን አደራጅቶ የሚያቀርብ ጽሑፍ ስለሆነ ንግሩን መመርመር ይቻላል፤ ክርክሩም የተነሣው በዚሁ ላይ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከባላባት ወገን ተወልዳ ከአፄ ሱስንዮስ ሹማምንት አንዱ ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነት ሞቱባት። ትዳሩን ትታ መነኮሰች፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ተቃወመች፤ ተጋዘች፤ ተከታዮቿን ሰብስባ ማኅበራትን መሠረተች፤ እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስም ትዳሯን ትታ የመነነች እመቤት ናት። ሁለቱ የተገናኙበትን ቀን ገድሉ ሲተርክ ገና ከሩቅ ሲተያዩ በሁለቱም ልብ ፍቅር እንዳደረ፣ ቀድሞ እንደሚተዋወቁ እንደ ሆኑ፣ ከዚያም እስከ ሞት ሳይለያዩ እንደ ኖሩ ያወሳል። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ቅድስቲቱ በማኅበሯ ያሉ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርስ ያልተገባ ድርጊት ሲፈጽሙ አይታ ስለ ማዘኗ ይናገራል።

የግእዙን ጽሑፍ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1912 አሳተሙት፤ ላንፍራንኮ ሪቺ በ1970 ወደ ጣሊያንኛ መለሱት። ዌንዲ ሎራ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር በ2015 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲያወጡ፣ ቤልቸርም በ2016 በሴቶች መካከል ስላለው ቅርበት ያተኮረ መጣጥፍ ሲያስከትሉ ክርክሩ ጋለ። ከምእመናንም ከምሁራንም ተቃውሞ መጣ፤ ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 ባሳተሙት ሰፊ ሂስ የግእዙ ቃላት በስሕተት መተርጎማቸውንና ሥራው ቅኝ ገዥ በሆነ እይታ የተቃኘ መሆኑን ተከራከሩ። በክርክሩ ጩኸት ውስጥ የጠፋ አንድ ነገር አለ። ቤልቸር ራሳቸው ስለ ሁለቱ ሴቶች የጻፉት በድንግልና ሥርዓት ውስጥ የኖረ የዕድሜ ልክ አብሮነት ብለው ነው፤ የሥጋ ግንኙነት ነበራቸው አላሉም። በአገራችን በየመድረኩ የተሰማው ግን «ቅድስቲቱን እንዲህ አሏት» የሚለው ብቻ ነበር። ደጋፊዎቻቸውም በበኩላቸው ያንን ጥንቃቄ ትተው አርዕስቱን ብቻ አስተጋቡ።

የኮራን ጉዳይ በመረመርንበት መንገድ ይህንንም እንመርምረው። መጀመሪያ «ፍቅር» የሚለው ቃል። በግእዝም በአማርኛም ፍቅር የእግዚአብሔርን፣ የእናትን፣ የወዳጅንና የባልና ሚስትን መዋደድ ሳይለይ ይሸከማል። እዚህ በወላይትኛ «ሲቆ» እንደዚሁ ነው፤ በስብከቱም በዘፈኑም ይሰማል። ግእዝ ሥጋዊ ምኞትን ለይቶ መናገር ሲፈልግ «ፍትወት» የሚል ቃል አለው። እንግሊዝኛውም ሰፊ ቃል አለው፤ ነገር ግን «በመጀመሪያ እይታ በልብ ያደረ ፍቅር» የሚለው አገላለጽ ለዛሬው የእንግሊዝኛ አንባቢ ከሁለት መቶ ዓመት የልቦለድ ንባብ የወረሰውን አንድ ትርጉም ብቻ ያስነሣበታል። ገላውዴዎስ እነዚያን ልቦለዶች አላነበበም። እርሱ በልቡ የያዘው መጽሐፍ ቅዱስን ነው፤ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 የዮናታን ነፍስ ከዳዊት ነፍስ ጋር እንደ ተሳሰረች የሚተርከውን ያውቃል። በእርሱ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሁለት ነፍሳት በቅጽበት መተሳሰር ከፍ ያለ ቦታ ያለው፣ የተቀደሰ፣ ቀድሞ የተጻፈለት ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ፍጻሜው። ንግር ከሆነ የምን ንግር ነው? ገድሉ ከዚያ መገናኘት በኋላ የሚያመጣልንን እንይ። እኅተ ክርስቶስ በመከራው ጊዜ ጓደኛ፣ በማኅበሩ ሁለተኛ ሰው፣ ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች በኋላም እስከ 1649 እ.ኤ.አ. ድረስ ማኅበሩን የመራች እመ ምኔት ሆነች። ስለዚህ ያ የመጀመሪያ መተያየት በትረካው ውስጥ የሚያስከትለው ነገር የመሪነት ውርስ ነው። የገድሉ ጸሐፊ ከማኅበሩ የወጣ፣ ለማኅበሩ የጻፈ ሰው ስለሆነ፣ ከመሥራቿ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ሴት በሰው ምርጫ ብቻ ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው በእግዚአብሔር ፈቃድ የተመደበች መሆኗን ማሳየት ያስፈልገው ነበር። ሁለቱ ሲተያዩ የሚሆነው ነገር ለዚህ የተቀመጠ ንግር ነው። ይህን ሐሳብ በክርክሩ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ጎልቶ ሲወጣ አላየሁትም፤ የገድሉን አወቃቀር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያብራራ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ነጥብ ለተከላካዮቹም ምቾት የማይሰጥ ነው። ስለ ወጣት መነኮሳይያት የሚናገረው ምዕራፍ አለ። ኮንቲ ሮሲኒ ያሳተሙት በአንድ ቅጂ ላይ ተመሥርተው ነበር፤ ቤልቸርና ክላይነር በርካታ ቅጂዎችን አስተያይተው በዚያ ቦታ ላይ ንባቡ እንደሚለያይ አመለከቱ፤ አንዳንድ ገልባጭ ቃሉን ሆን ብሎ እንዳለዘበውም ያምናሉ። የየቃሉን ትርጉም በተመለከተ ይርጋ ያነሡት ተቃውሞ እንዳለ ሆኖ፣ የቅጂዎችን ልዩነት መመርመር ሕጋዊ የፊሎሎጂ ሥራ ነው፤ «ቅድስናን መድፈር» በሚል ቃል የሚመለስ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ምዕራፍ ለሁለቱ ሴቶች ንባብ ቁልፍ ነው። ምዕራፉ የማይገባ ቅርበትን የሚናገር ከሆነ፣ ገላውዴዎስ ጉዳዩን የማያውቅ ወይም ለመጻፍ የሚፈራ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ ያውቃል፤ ይጽፋል፤ ይኮንናልም። ይህንኑ የሚያውቅ ሰው ስለ ወለተ ጴጥሮስና ስለ እኅተ ክርስቶስ ሲጽፍ ደግሞ ያለ ምንም ኃፍረት ፍቅራቸውን ያወድሳል። በድርሰቱ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወስዶ ሁለተኛውን ለመተርጎም መጠቀም፣ ድርሰቱ የለያየውን መልሶ ማጣበቅ ነው። ምዕራፉን ከናካቴው መካድም ልዩነቱን የምናይበትን መስኮት መዝጋት ነው።

ከኮራ ጋር ያለው ተመሳሳይነት እዚህ ላይ በመስተዋት እንደሚታይ ምስል ተገልብጦ ይታያል። በኮራ የውስጡ መዝገበ ቃላት ምስሉን ከሠርግ ጋር ያጣምረዋል፤ በገድሉ የውስጡ መዝገበ ቃላት ምስሉን ከተወገዘው ይለየዋል። ያንኛውን በወላይታ ልማድ ያነበበ ሰው ፍቅሩ ያመልጠዋል፤ ይህኛውን በአሜሪካ ልማድ ያነበበ ሰው ያልተጻፈ ነገር ያገኝበታል። የስሕተቱ ዓይነት አንድ ነው።

ሊነሣ የሚችል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የተከለከለ ነገር በግልጽ ስለማይጻፍ የውስጥ ማስረጃ ጠይቁ ማለት ተከልካዩን ሁልጊዜ ተሸናፊ ማድረግ ነው፤ ዝምታውም ማስረጃ ሊሆን ይገባል ይባላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ የኮራ ፈጣሪዎች ራሳቸው ወሰን እንደ ነበረባቸው ተናግረዋል። ነገር ግን ክልከላ በድርሰት ውስጥ አሻራ ይተዋል። በኮራ አሻራው መሳሳም በሚጠበቅበት ቦታ የእጅ መያያዝ መተካቱ ነው፤ የቀደመው ተከታታይ ሥራቸው «አቫታር» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያበቃ ወንዱና ሴቷ ይሳሳማሉና ክፍተቱ በንጽጽር ይታያል። ዝምታን ማስረጃ ማድረግ የሚቻለው እንዲህ ባለ ንጽጽር የጎደለው ነገር ቅርጽ ሲታይ ነው። ቅርጽ የሌለው ዝምታ ሁሉንም ነገር ይተነብያል፤ ስለዚህ ምንም አይተነብይም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለምን አስፈለገ? በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ይከለክላል፤ የማኅበረሰባችን አቋምም የታወቀ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ርዕሱን ከመነሻው ይሸሸዋል፤ አማካሪውም ቢሸሸው ይመርጣል። ውጤቱ ግን ዝም ማለታችን ብቻ አይደለም። ስለ ራሳችን የግእዝ ጽሑፍ የሚደረገው ክርክር በውጭ አገር መጽሔቶች ሲካሄድ፣ ከዚህ የምንልከው መልስ ብዙውን ጊዜ ቁጣ ይሆናል፤ ቁጣ ደግሞ በጥናት መጽሔት አይጠቀስም። ይርጋ የመለሱት በቃልና በሰዋስው ነው፤ ስለዚህም መልሳቸውን የማይቀበለው እንኳ ሊያነበው ይገደዳል። አንድን ንባብ መመርመር ማለት ደግሞ የተነበበውን ነገር መደገፍ ማለት አይደለም። የፈተና ቦርዶቻችን ይህን ልዩነት ካልጠበቁ፣ ተማሪው ማስረጃን ሳይሆን የፈታኙን ፊት ማንበብ ይማራል፤ እርሱም አንድ የንግር ንባብ ነው፣ ግን ዲግሪ የሚያሰጥ ባይሆን ይሻላል።

ለዚህ አካባቢ ተመራማሪ የሚሆን፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ጥናት ላቅርብ። የኮራን የመጨረሻ ክፍል ከዚህ በፊት ያላዩ ሁለት የተመልካቾች ቡድን ከሶዶና ከአካባቢው ወረዳዎች ይመረጡ። አንደኛው ቡድን የሠርጉን ትዕይንትና የመሰነባበቻውን ትዕይንት በተከታታይ ይመልከት፤ ሁለተኛው ሠርጉ ተቆርጦ የመሰነባበቻውን ብቻ። ከዚያ ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ «ታሪኩ ቢቀጥል በሁለቱ መካከል ምን ይሆናል?» ጥያቄው ስለ አቋም ወይም ስለ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መልሱም በወላይትኛ ይሰጥ፤ በኋላ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሲቆ» የሚለው ቃል በምን ትርጉም እንደ ገባ ለብቻው ይመዝገብ። የሁለቱ ቡድኖች መልስ በግልጽ ከተለያየ፣ ከላይ ስለ ውስጣዊ መዝገበ ቃላት ያልሁት ይጸናል። ካልተለያየና ሁለቱም «ጓደኛሞች ናቸው» ካሉ፣ የመንደር ልማድ ከድርሰት ትምህርት ይበረታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይህ ጽሑፍ የቆመበት ሐሳብ መታረም ይኖርበታል።